«አንበሳ ጠበቃ ያዢ ይሉኛል»

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። ትዳር ከያዝኩ 11 ዓመት ሆነኝ። የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ባለቤቴ ለሥራ ከሄደበት ከተማ መመላለሱን ካቆመ ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን ደግሞ ሽማግሌ ልኮ «እንፋታ፤ ወንዱን ልጅ ዳንግላ ከእናቴ ዘንድ አሳድገዋለሁ» አለኝ። ቤታችንን በማኅበር ነው የሠራነው፤ ካርታው በእሱ ስም ነው። አንድ ባጃጅ አለን፤ ሊብሬውም የእሱ ነው። እኔ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ እንጂ ደመወዝ የለኝም። እሱ «ጠበቃ የሆነ ጓደኛ አለኝ፤ ለሁለታችንም አንድ ይበቃናል» ይላል። እኔ ግን በግሌ ሁለት ጠበቆች አነጋገርኩ። አንደኛው ስመ ጥር ናቸው። «ልጆቹን አንድ ቀን እንኳ እንዳያያቸው አደርገዋለሁ፤ ዳኞቹን አውቃቸዋለሁ» አሉኝና ከቤቱ ዋጋ 10 በመቶ ጠየቁኝ። ሁለተኛዋ ወጣት ናት። ስለ ልጆቹ ብቻ አንድ ሰዓት ያህል ስትጠይቀኝ ቆየችና «ወረቀቶችሽን ይዘሽ ሐሙስ ተመለሺ» አለችኝ። ምንም ቃል አልገባችልኝም። ዘመዶቼ «አንበሳ ጠበቃ ያዢ» ይሉኛል። የትኛውን ልያዝ?

ሁለት ልጆች ይዤ የቸገረኝ፣ ከባሕር ዳር

እኅቴ፣ «ምንም ቃል አልገባችልኝም» ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንቺ እንደ ጉድለት ቆጥረሽባታል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሴት ነኝ፤ ቃል የገቡትንም ያልገቡትንም ብዙ አይቻለሁ። ወጣቷን ያዢ። ይህን ስልሽ ግን ሐሙስ ዕለት ዓይንሽን ጨፍነሽ ፈርሚ ማለቴ አይደለም፤ እሷንም የምትፈትኚበት ነገር አለ፣ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ «ዳኞቹን አውቃቸዋለሁ» የሚለውን እንጨርሰው። ይህ ቃል ውሸት ከሆነ ሰውየው ሥራውን የጀመሩት አንቺን በመዋሸት ነው። እውነት ከሆነና ዳኛን በትውውቅ ሊያዞሩ ካሰቡ ደግሞ ወንጀል ነው፤ ነገ የባልሽ ጓደኛም ያንኑ ዳኛ ያውቀው ይሆናል። በሁለቱም መንገድ የምትከስሪው አንቺ ነሽ። በመዝገብ ቤት ዘመኔ ያየኋቸው ጥሩ ጠበቆች ስለ ዳኛው አያወሩም፤ ወሬያቸው ስለ ማስረጃ ነው።

«አንድ ቀን እንኳ እንዳያያቸው» የሚለውም ለጆሮ ይጥማል፤ በተለይ ዓመት ሙሉ ብቻሽን ስታሳድጊ ለከረምሽው። ሆኖም ፍርድ ቤት ልጆችን እንደ ምርኮ አያከፋፍልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ላይ ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ ርምጃ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል፤ ፍርድ ቤቶችንም በስም ይጠቅሳል። ልጅ ከአንዱ ወላጅ ጋር ሲኖር ሌላው የመጎብኘት መብት ይኖረዋል። ይህ የሚቀነሰው ወይም የሚከለከለው ለልጁ አደጋ መኖሩ ሲታይ ነው። አባትየው ልጆቹን መትቶ ወይም ጎድቶ ከሆነ በደብዳቤሽ አልጻፍሽውምና ያንን ለጠበቃዋ በግልጽ ንገሪያት፤ ነገሩ ይለወጣል። ከሌለ ግን «አያያቸውም» ብለሽ ክርክር መክፈት የአንቺን ጉዳይ ያበላሸዋል። ልጆቹን ከአባታቸው የምትነጥል እናት ሆነሽ ትቀርቢያለሽና።

አሁን ወደ ፈተናው። ሐሙስ ዕለት ጠበቃዋን አንድ ነገር ጠይቂያት፦ «የኔን ጉዳይ ዳኛው የሚያየው በየትኛው ሕግ ነው?» ብዙ ሰው ስለ ቤተሰብ ሕግ ሲያወራ በ1992 የወጣውን የፌዴራሉን የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213ን ነው የሚጠቅሰው። ያ ሕግ የአዲስ አበባና የድሬ ዳዋ ነው። ባሕር ዳር ላይ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ሁለቱ በዋና ዋናው ነገር ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን ጠበቃ የደንበኛውን ጉዳይ ከሌላ ከተማ ሕግ ላይ ሊያነብ አይገባም። መልሷን በቃል ብቻ አትቀበዪ። «አንቀጹን አሳዪኝ» በያትና አብራችሁ አንብቡት። ደስ ብሏት የምታሳይሽ ከሆነ ያዢያት። ከተቆጣች ስለ እሷም የነገርኩሽን መልሼ አስብበታለሁ።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ «ልጅ እስከ 5 ዓመቱ ለእናት ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» ይህን አባባል ከጎረቤት ሰምተሽው እንደሆነ አልጠራጠርም። ምንጩ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እሱ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ይሁን ይል ነበር። የፌዴራሉ አዲስ ሕግ ያንን የዕድሜ መስመር ትቶ ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም እንዲመዝን አድርጎታል። ልጅሽ አራት ዓመቱ ነውና «አምስት ሳይሞላው በቶሎ እንክሰስ» የሚልሽ ሰው ካለ በአሮጌ ካርታ መንገድ እየመራሽ ሊሆን ይችላል። እሷ የክልሉን ሕግ ከፍታ ስትመልስልሽ ሥራዋን ታያለሽ።

ወጣቷ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ልጆቹ የጠየቀችሽ ለምን ይመስልሻል? የልጅ ጉዳይ የሚወሰነው በንግግር ማማር አይደለም፤ በልጁ ውሎ ነው። ጠዋት ማን ይቀሰቅሰዋል? ትኩሳት ሲነሳበት ጤና ጣቢያ ማን ይዞት ሄደ? ስሙ በክትባት ካርዱ ላይ ሲጻፍ አጠገቡ ማን ቆሞ ነበር? የትልቋን ልጅሽን የትምህርት ቤት የመገናኛ ደብተር አውጪና «የወላጅ ፊርማ» የሚለውን ቦታ ከመስከረም ጀምሮ ገልብጪው። በየሳምንቱ ያንቺ ፊርማ፣ አንዳንዴም በርበሬ የነካው የአውራ ጣትሽ ምልክት ካለበት፣ ያ ደብተር ከአንበሳው ጠበቃ ይበልጥ ይናገርልሻል። እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ አንዲት እናት እንዲህ ያለ ደብተር በፌስታል ይዛ መጥታ ስታበቃ «ይህ ምን ያደርጋል» ብላ ልትመልሰው ስትል አስቁሜያታለሁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ምክር መስጠት አልነበረባትም፤ ሰጠሁ።

ልጆቹን ግን «ዳኛው ሲጠይቃችሁ እንዲህ በሉ» ብለሽ እንዳታስጠኚ። የ9 ዓመት ልጅ የተጠናን ነገር ስትናገር ያስታውቃል፤ ለእሷም ዕድሜ ልክ ሸክም ነው።

ገቢ ስለሌለሽ መፍራትሽን ከጽሑፍሽ አይቻለሁ። ገቢ ከሚመዘኑት አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም። ልጅ ከእናቱ ጋር ሲኖር አባት ቀለብ የሚቆርጠው እኮ ለዚህ ነው። ባልሽ ደመወዝተኛ ከሆነ ጠበቃዋ የደመወዙ መጠን ከመሥሪያ ቤቱ ተጣርቶ እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱን ትጠይቅልሻለች። አንቺም «ደመወዝ የለኝም» ማለቱን ተዪው። ሽሮና በርበሬ መሸጥ ሥራ ነው። በሳምንት ስንት ኪሎ እንደምትሸጪ፣ ስንት እንደሚተርፍሽ ለአንድ ወር በደብተር ያዢ፤ ዕቁብ ካለሽም ጻፊው። ዳንግላ ያሉት አያት ደግሞ ክፉ ሴት ናቸው ብለሽ አትጀምሪ። ምናልባት ደግ ሴት ናቸው። መቅረብ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ አባትየው ራሱ በሌለበት ቤት፣ ልጁን ከእኅቱና ካደገበት ቤት ነጥሎ መውሰድ ለልጁ ምን ይጠቅመዋል? ይህን ጥያቄ ጠበቃዋ ጮክ ሳትል ብትጠይቀው በቂ ነው።

የባልሽን ጓደኛ በተመለከተ አጭር ነኝ፦ አይሆንም። አንድ ጠበቃ ጥቅማቸው ለሚጋጭ ለሁለት ሰዎች ሊቆም አይችልም፤ ጓደኛ ሲሆን ደግሞ ጭራሹን። በስምምነት መፋታት ራሱ መጥፎ መንገድ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እንዲያውም ከተቻለ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ስምምነቱን እነሱ ያርቅቁት፤ አንቺ ረቂቁን ወደ ራስሽ ጠበቃ ወስደሽ አስነብቢው። ለዚህ ብቻ መክፈል ሙሉ ክርክር ከማስያዝ እጅግ ይቀንሳል። ሽማግሌዎቹንም አክብሪያቸው፣ ቡና አፍዪላቸው፤ ነገር ግን እዚያው ቤት ውስጥ በተጻፈ ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ። ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ስምምነታችሁም ቢሆን ለፍርድ ቤት ቀርቦ መጽደቅ አለበት። ዳኛው የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጣችሁ ይችላል፤ በፌዴራሉ ሕግ ይህ ጊዜ ከሦስት ወር አይበልጥም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ያሉት እንዲህ ባለው ቀን ነው።

የቤቱ ካርታ በእሱ ስም መሆኑ እንቅልፍ አይንሳሽ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት፣ በአንዱ ተጋቢ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም፣ የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ተብሎ ይገመታል። ባጃጁም እንደዚያው። የሚያስፈራኝ ስሙ ሳይሆን ጊዜው ነው። ሽማግሌ ተልኮ ፍቺ በተወራበት ሰሞን ባጃጅ በአንድ ከሰዓት ይሸጣል። ስለዚህ ጠበቃዋን ከያዝሻት በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄሽ «ንብረቱ እንዳይሸጥ እግድ መቼ እናወጣለን?» የሚል ይሁን። ፍርድ ቤቱ እግድ ከሰጠ ትእዛዙ ቤቱን ለሚመዘግበው የከተማው መሬት ጽሕፈት ቤትና ባጃጁ ለተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይደርሳል። ትእዛዙ ተጽፎ መዝገብ ውስጥ ተኝቶ እንዳይቀር ራስሽ ተከታትለሽ አስደርሺው። ደርሷል የሚል ማኅተም ያለበትን ግልባጭም ያዢ። ከተሸጠ በኋላ ሽያጩን ማስፈረስ ይቻላል፣ ግን ከገዢ ጋር ሌላ ክስ፣ ሌላ ዓመት ነው።

አሁን ከሁሉ አብዝቼ ልናገር የምፈልገው ላይ ደረስኩ። ውክልና ነው። ጠበቃ ስትይዢ ወደ ሰነድ ማረጋገጫ ትሄጂና ውክልና ትሰጫለሽ። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል፤ ጸሐፊው ቸኩሏል፣ ከኋላሽ ሰልፍ አለ፣ ትፈርሚያለሽ። የአጎቴ ልጅ እንዲህ ፈርማ ነበር። ከዓመት በኋላ «ጉዳይሽ በእርቅ አልቋል» ተባለች። ማን ታረቀ? እሷ የያዘችው ጠበቃ። በስንት? እሷ ባልሰማችው ዋጋ። ወረቀቱን አምጥተን ስናነበው «ለመክሰስ፣ ለመከሰስ፣ ለመከራከር፣ ይግባኝ ለማለት» ከሚለው ቀጥሎ «ለመታረቅ፣ ንብረት ለመሸጥ ለመለወጥ፣ ገንዘብ ለመቀበል» የሚል መስመር ነበረበት። በገዛ እጇ የፈረመችው ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2205 ላይ ተወካይ ልዩ ሥልጣን ካልተሰጠው በቀር የማይንቀሳቀስ ንብረት ሊሸጥ፣ ሊያስይዝ፣ ሊታረቅ እንደማይችል ይናገራል። ስለዚህም ነው እነዚያ ቃላት በወረቀቱ ላይ በስማቸው የሚጻፉት፤ ካልተጻፉ ሥልጣኑ የለም። ለጠበቃሽ መክሰስና መከራከር ያስፈልጋታል፤ መልስ መስጠት፣ ማስረጃ ማቅረብ፣ ይግባኝ ማለትም እንዲሁ። መሸጥ አያስፈልጋትም። ገንዘብ መቀበልም አያስፈልጋትም፤ ገንዘቡ በስምሽ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ። እርቅ ከመጣ አንቺ ራስሽ ቀርበሽ ትፈርሚያለሽ። ይህን ስትጠይቂያት ቅር ልትሰኝ አይገባም። «እንዴት አታምኚኝም» የምትል ከሆነ ገንዘብሽን አትክፈዪ። ሰልፉ ይጠብቅ፤ ወረቀቱን ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው፣ የማትፈልጊውንም መስመር አሰርዢ።

ክፍያውን እናስላ። ቤቱ ለምሳሌ 3 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል። አንበሳው ከቤቱ ዋጋ 10 በመቶ ሲሉሽ 300,000 ብር ነው። ያንቺ ድርሻ ግን ግማሹ፣ 1.5 ሚሊዮኑ ነው። እንግዲህ ካንቺ የሚወስዱት 10 በመቶ ሳይሆን 20 በመቶ ሆነ ማለት ነው። በመቶኛ መዋዋል በንብረት ክርክር የተለመደ ነው፤ ነውር የለውም። ነገር ግን ከድርሻሽ ላይ፣ ያውም ከተረከብሽው ላይ መሆን አለበት። ፍቺውና የልጆቹ ጉዳይ ቁርጥ ያለ ክፍያ ይኑራቸው፤ ልጅ በመቶኛ አይሰላም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ይግባኝ ቢኖር ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ፍርዱን ለማስፈጸም የሚከፈተው የአፈጻጸም መዝገብስ? እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ የጠበቃና የደንበኛ ጠቦች የተነሡት ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው። ለፍርድ ቤቱ የሚከፈለው የዳኝነት ክፍያ ለብቻው ነው፤ ንብረት ሲጠየቅ በንብረቱ ግምት ልክ ያድጋል። ለከፈልሽው ሁሉ ደረሰኝ ተቀበዪ። የጥብቅና ፈቃዷንም እንድታሳይሽ ጠይቂ፤ በክልሉ ፍርድ ቤቶች የሚሠራና የታደሰ መሆኑን ቀኑን አይተሽ አረጋግጪ።

ገንዘቡ ካልሞላልሽ አትሸማቀቂ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም እንዳንቺ ላሉ ሴቶች የቆመ ነው። የዳኝነት ክፍያውን መክፈል የማትችዪ ከሆነ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ትችያለሽ። ያው ሕግ ወንድም ለእኅቱ ወክሎ እንዲከራከርም ይፈቅዳል፤ የተማረና የተረጋጋ ወንድም ካለሽ ማለቴ ነው። ግልፍተኛ ከሆነ እቤት ይቀመጥ።

በቁርባን ተጋብታችሁ ከሆነ የቤተ ክርስቲያኑ ነገር ከነፍስ አባታችሁ ጋር የምትነጋገሩበት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ የፍርድ ቤቱን አያስቆመውም። የማዘጋጃ ቤት የጋብቻ ወረቀት ከሌላችሁም አትደንግጪ፤ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻም ጋብቻ ነው። የሠርግ ፎቶና ምስክሮች አዘጋጂ።

ሐሙስ ስትሄጂ ካርታውንና ሊብሬውን ማግኘት ከቻልሽ ፎቶ ኮፒያቸውን፣ ካልቻልሽ ደግሞ የቤቱን አድራሻና የባጃጁን የሰሌዳ ቁጥር ጽፈሽ ያዢ። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ፣ የማኅበሩን የክፍያ ደረሰኞች፣ ያንን የመገናኛ ደብተርም ጨምሪ። ዋናዎቹን ለማንም አትስጪ፤ ጠበቃዋም ብትሆን ግልባጩ ይበቃታል። ረቡዕ ማታ ሁሉንም በአንድ የፕላስቲክ ፋይል አድርጊና ከቤትሽ አውጥተሽ የምታምኛት ጎረቤት ዘንድ አሳድሪው። ባልሽ ቁልፍ አለውና።